ከሥዕሉ ጀርባ የተቀመጠው ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊያችን አቶ ፈቃደ፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤ ስለ ጋቢው፣ ስለ ቆሎው፣ ይልቁንም በሥራ ሰዓት ለጡረታ ሽኝቴ ስለመጣችሁልኝ አመሰግናለሁ። በሥራ ሰዓት ከቢሮ መጥፋት የማያስወቅሰው ዛሬ ብቻ ነው።

ሥራዬን ታውቁታላችሁ። እኔ ደብዳቤ አረቅቃለሁ፤ ሳዲያ ትተይባለች፤ አቶ ፈቃደ ይፈርማሉ። ባለጉዳዩ ደግሞ ምን እንዳልነው ለማስተርጎም በር ላይ ማመልከቻ ከሚጽፉት ራፖር ጸሐፊዎች ዘንድ ይሄዳል። በአማርኛ የተጻፈ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚተረጎመው እኛ ዘንድ ነው።

የሰንጋ ተራዋን ወይዘሮ ወለተሰንበትን የረሳችሁ አላችሁ? ቤታቸው ለልማት እንደሚፈርስ፣ ቅሬታ ካላቸው በሳምንት ውስጥ እንዲያመለክቱ ጻፍንላቸው። ያንን ግን በሁለት ገጽ «አፈጻጸምና አግባብነት» ውስጥ ቀበርነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ መጡ።

«እማማ፣ ደብዳቤው አልደረሰዎትም?»

«ደርሶኛል ልጄ። ማህተም ስላለው ደግ ነገር ነው ብዬ ከማርያም ሥዕል ጀርባ አኑሬዋለሁ።»

ቤቱ ፈረሰ። ወዴት እንደሄዱ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ ባጭሩ ማርቀቅ ጀመርኩ፦ «ቤትዎ ሊፈርስ ነው። ካልተስማሙ እስከ አርብ መጥተው ያመልክቱ።» አቶ ፈቃደ አንብበው፣ «ጋሽ ጀይላን፣ ይሄ የመንግሥት ደብዳቤ ነው የጎረቤት ወሬ?» አሉኝ። ተሳሳቅን፤ ደብዳቤው ግን ሳይወጣ ቀረ። አንዱ እንደ ምንም አምልጦ ቢወጣ ባለጉዳዩ ራሱ መለሰው። «ይሄማ ገባኝ፤ ዋናውን ስጡኝ» አለ።

ቀጥሎ የለውጥ ሥልጠናው መጣ፤ ኮምፒውተሩም መጣ። ተመስገን አልኩ። ሳዲያ ያንኑ የጥንቱን ደብዳቤ ኮምፒውተሩ ላይ ጫነችው፤ ታዝዛ ነው፣ አልወቅሳትም። ድሮ አንድ ሰው ለማደናገር ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር። አሁን ሰፈር ሙሉ ሰው ከሻይ ሰዓት በፊት ተደናግሮ ያልቃል። «ዘመናዊ ሆንን» የምንለው ይሄን ነው?

የጡረታ ደብዳቤዬን እንኳ ለባለቤቴ ለፈሪዳ ባነብላት፣ «ሾሙህ እንዴ?» አለችኝ።

አልዋሻችሁም፤ ይሻሻላል ብዬ አላምንም። ዕድሜዬን ሙሉ ለፍቼ አንዲት ዓረፍተ ነገር ማሳጠር አልቻልኩም። እንግዲህ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው፦ ወረቀቱን ሰጥታችሁ ብቻ አትሸኟቸው፤ በአፋችሁም ንገሯቸው።

አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጣችሁ፤ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ። እናንተም አንድ ቀን እንደ ባለጉዳይ ወረቀት ይዛችሁ ከመስኮቱ ውጭ ትቆማላችሁ። ያን ቀን ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳችሁ ሰው አያሳጣችሁ።

እኔ ከሰኞ ጀምሮ እዚያ ነኝ።