ዶክተር ሙሉጌጥን ልቀቋቸው

ዶክተር ሙሉጌጥ ሀዋሳ የመጡ ቀን ፔርሙስ ታቅፈው ከባጃጅ ወረዱ። የላቦራቶሪው ዕቃ ጠባቂ ነኝና «ሻይ ከሆነ ለእኛም ይቅዱልን» አልኳቸው።

«እርሾ ነው።»

«ጠላ ሊጠምቁ ነው?»

«ሙቀት ሲበዛበት ምን እንደሚያደርግ ላጠና ነው።»

የእኛ ፀሐይ ገና ከመናኸሪያው ጀምራቸዋለች አልኩ በልቤ።

ሳቁ፣ ሳቁ፤ የተሰበሰብነው ለጡረታ መሸኛቸው ነው። ነገር ግን የተላክሁበት ጉዳይ አለ። የክፍላችን ኃላፊ፣ እዚህ የተቀመጠው ደረሰ፣ «እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፤ ዶክተር ሁለት ዓመት በኮንትራት እንዲቆዩ በሰው ፊት ይለምኑልን» ብሎኛል። እደርስበታለሁ።

መብራት በፈረቃ በነበረ ጊዜ፣ ሲጠፋ እናንተ ወደ ፒያሳ ካፌዎች ስትወርዱ ዶክተር «አቶ ወልደአማኑኤል፣ በረዶ!» ይሉኝ ነበር። እርሾው እንዳይሞቅ ከዓሣ ነጋዴዎች ለምኜ አመጣለሁ። ላቦራቶሪው ሳምንቱን ሙሉ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

እኔ ከመጽሐፍ ጋር እየተጣላሁ በራሴ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ በቀላሉ አላምንም። «ዓይን የሌለው እርሾ ውስጡ መበላሸቱን በምን ያውቃል?» ብዬ ሞገትኳቸው።

«የእንቁላል ነጭ በእሳት እንደሚረጋ፣ በሴል ውስጥ ያለ ፕሮቲንም ሙቀት ሲበዛበት ቅርጹን ያጣል» አሉኝ። «የተጣመመውን የሚያቃኑ ረዳቶች አሉ። በደህና ቀን አንዳንዶቹ ማንቂያውን እንዳይነሣ ይዘው ይቀመጣሉ። የተጣመመው ሲበዛ ማንቂያውን ለቀው ወደ እሱ ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ማንቂያው ይነሣል።»

እስቲ አስቡት። የጮኸ የለም፤ አዋጅ የነገረ የለም። ረዳቶቹ ከቦታቸው መታጣታቸው ብቻ በቃ! በዓይን በማይታይ ነገር ውስጥ ይህን ሥርዓት ያኖረ አምላክ እስከ ዛሬ ያስፈራኛል።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ ሴሉ መጀመሪያ አዲስ ሥራ ይቀንሳል። የሚቃናውን ያቃናል፤ የማይቃናውን ያስወግዳል። ሳያርፍ ከገፋበት ይሞታል።»

ባለፈው ወር ዶክተር ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ወደቁ። ተነሥተው መጀመሪያ የፈለጉት ጠመኔውን ነው። ሁላችንም አየን፤ «ይብቃዎት» ያለ ግን የለም።

ደረሰ፣ አትቁነጥነጥ። አልለምንም።

ዶክተር፣ እኔ ብለምንዎ እምቢ እንደማይሉ አውቃለሁ። የማልለምነውም ለዚሁ ነው። ለግትር ሽማግሌ ሳይሰለቹ ያን ሁሉ ስላሳዩኝ እግዜር ይስጥልኝ። ይህችን ምድር በቅጡ ያየኋት ያኔ ነው።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሡ። ነገ ፀሐይ ቀድማዎት ትውጣ። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለው ምንም አይሥሩ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎት።

ደረሰ፣ ያንተ ብርጭቆ የታል?