ለነፍሰ ጡሯ የተከለከለው ቲማቲም

ሱሪዬን ላሳጥር ወደ ሰፈራችን ልብስ ሰፊ ጎራ ብል፣ ሽማግሌው ከትንሿ ልጃቸው ጋር ሲከራከሩ ደረስኩ። ልጅቷ ነርስነት ትማራለች። ለነፍሰ ጡር እህቷ ብላ የገዛችውን ቲማቲም አባቷ ከነዘንቢሉ ከስፌት መኪናው ስር ደብቀውባታል።

«መምህር፣ እንኳን መጡ! እስቲ ይፍረዱን» አሉኝ። «ነፍሰ ጡር ቲማቲም ከበላች ልጇ ቀይ ምልክት ይዞ ይወለዳል። ይህቺ ግን ካላበላኋት ብላ ሙጭጭ አለች።»

«አባባ፣ እህቴ እኮ ደሟ አንሷል» አለች ልጅቷ። «ደረጃ ስትወጣ ያዞራታል። ሐኪሙ ክኒን ሰጥቷት ምስርና ጎመንም አዘውትሪ ብሏታል። ቲማቲም ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ደግሞ ከምስሩ የሚገኘው ብረት ወደ ደሟ እንዲገባ ያግዛል።»

«ብረት? የልጄ ሆድ ጋራዥ ነው እንዴ?»

ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ግን ፍንክች አላለችም።

«ለእርስዎም ይበጃል። ፖታሲየም ስላለው ጨው ቀንሰው ቢበሉት ለደም ግፊትዎ ጥሩ ነው። በዘይት ሲበስል ደግሞ ቲማቲሙን ቀይ ያደረገው ንጥረ ነገር ለሰውነት ይበልጥ ይስማማል። መድኃኒት ነው አላልኩም፤ ክኒኗንም አይተካም። ምግብ ነው።»

ሽማግሌው የለበስኩትን ሱሪ ጫፍ በስፒል ሊይዙ ጎንበስ አሉ። ኮሌታቸው ሸሸት ሲል ከጆሯቸው ስር ቀይ ምልክት አየሁ።

«ጋሼ፣ እናትዎ ቲማቲም ይወዱ ነበር?»

«እናቴ? በእሷ ጊዜ እኛ መንደር ቲማቲም መች ደርሶ!»

እጃቸው ሳያስቡት ወደ አንገታቸው ሄደ፤ እዚያው ቀረ። መቼም ሰው በክርክር ተረትቶ ከሚያምን ይልቅ ራሱ ሲደርስበት ደስ ይለኛል፤ የሽማግሌው ፊት ግን አሳዘነኝ።

«እህትሽ ባለፈው ለምናኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንድ ፍሬ ብቻ አለችኝ። ተቆጣኋት።»

«ይስጡኝ፣ እኔ እወስድላታለሁ» አለች ልጅቷ።

«አይሆንም። ካንቺ ብትቀበል እየፈራች ነው የምትበላው። ያስፈራኋት እኔ ነኝ።»

ዘንቢሉን አውጥተው ቲማቲሙን በደንብ አጠቡና፣ እኔን ስፒል በተሰካበት ሱሪ እንደቆምኩ ትተውኝ ነፍሰ ጡሯ ልጃቸው ወዳለችበት ጓዳ ገቡ። ከመጋረጃው ጀርባ ድምፃቸው ተሰማኝ።

«ነይ ልጄ። መጀመሪያ እኔ እበላለሁ፤ እያየሽኝ ትበያለሽ።»