ዓርብን በማሲንቆ ያስመለሰው ሽመልስ

በእኛ ጊዜ ዶሃ ዘፈን የሚሰማው በስልክ ነበር፣ እኔ ግን ማሲንቆ ሠራሁ፤ አትሳቁ! ዐይን ኻሊድ የሚባል ሰፈር የቤት ሾፌር ነበርኩ፣ ባባ የምንለው አሠሪዬ ደግሞ ፈረስ ነበረው፣ ታዲያ አንድ ቀን «ባባ፣ ከፈረሱ ጭራ ትንሽ ፀጉር ስጠኝ» ስለው «ለምን? ለድግምት?» ብሎ አፈጠጠብኝ። አገዛገዙን በእጄ እያሳየሁ ብዘፍንለት ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ እና ሰጠኝ።

ታዲያ ጥበቃ የሚሠሩ የሐበሻ ልጆች አል ነስር ሰፈር አንድ ክፍል ነበረቻቸው፣ እኔም ዓርብ ዓርብ፣ እዚያ የዕረፍት ቀን ነውና፣ ማሲንቆዬን ይዤ እሄዳለሁ። ከመካከላቸው ሽመልስ የሚባለው ሰባት ወር ሙሉ አንድ ዓርብ አላረፈም። ፈረቃ የሚያወጣው ሱፐርቫይዘሩ ካሣሁን ነው፤ ያውም ያገራችን ሰው! «ለምን አትነግረውም?» ስለው «ያባርረኛል፣ ጋሼ፣ ይተዉኝ» ይላል። እየቆየ ጭራሽ ማውራቱንም ተወ፤ በልቶ ይተኛል፣ ተነስቶ ይሄዳል፣ በቃ። አንጀቴን ይበላኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

አንድ ዓርብ አመሻሽ ካሣሁን እንግዳ ሆኖ መጣ፣ እና እኔ እየገዘገዝኩ ሽመልስ ከሹግል፣ ከሥራው ማለቴ ነው፣ ገባ፣ ዩኒፎርሙን እንኳ ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ «ተቀበል!» አለ። ደነገጥኩ! ግጥም ሰጪ ከሰጠ አዝማሪ መቀበል ነው፣ እምቢ አይባልም፤ ታውቃላችሁ አይደል?

«ስድስቱን ውሰደው፣ አንዷን ተው ለእኔ፣
ዓርብ የምትባል ቀን ልያት በዓይኔ!»

እስቲ አስቡት! ብዘፍነው ካሣሁን አጠገቤ ነው፣ ብተወው ነውር ነው። ኸላስ፣ በቃ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ አወረድኩት፣ እና ልጆቹ በአንድ ድምፅ ተቀበሉኝ። ካሣሁን መጀመሪያ ፊቱ ተለዋወጠ፣ ከዚያ ዙሪያውን አየ፤ በግጥም የተነካ ሰው ከተቆጣ መሳቂያ ይሆናላ! «ይሁን፣ ይሁን! ከሚመጣው ዓርብ ጀምሮ ዕረፍ፤ ግን እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?» አለ። ሽመልስም «በተራ ቃል ብነግርህ ሠራተኛህ ነኝ፤ ማሲንቆ ፊት ግን እኩል ነን» አለው። ያ ዝምተኛ ልጅ! ደስ ብሎኝ ልፈነዳ ደረስኩ።

በሳምንቱ ደግሞ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ካሣሁን! ማሲንቆዬን ገና ሳልቃኝ «ተቀበል!» አይለኝም?

«ሰው ሁሉ ይፈራኛል፣ አለቃ ነው ብሎ፣
እኔም አለቃ አለኝ፣ የሚጮህ ደውሎ!»

በሳቅ ፈረስን። «አንተ፣ አለቃህ እንደሆነ አማርኛ አይሰማ፣ ምን ይጠቅምሃል?» አልኩት።

የሳቅ እንባውን እየጠረገ «ጋሼ፣ ይስማኝ መች አልኩ? ተናግሬው ልደር ብዬ እኮ ነው» አለኝ።