ከመርዶዋ በኋላ ድንበር የተሻገረች

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ ስም፦ መክብብ ፈንታሁን
ዕድሜ፦ 17
ሥራ፦ ተማሪ፣ 11ኛ ክፍል
አድራሻ፦ ኢሉባቦር ዞን፣ መቱ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጠዋት
ቃሉን የተቀበሉት፦ ም/ሳጅን ሁንዴሳ ኢቲቻ
አብረው የተገኙ፦ ኦቦ ደቅሲሳ ጎንፋ፣ የእድር ዳኛ

ምስክሩ ለአካለ መጠን ያልደረሰ በመሆኑ ቃሉን የሰጠው ኦቦ ደቅሲሳ ባሉበት ነው። ወላጅ እናቱ ያልተገኙበት ምክንያት በቃሉ መጨረሻ ተገልጿል። ቃሉ በአማርኛ የተጻፈው በምስክሩ ጥያቄ ነው።

ሟች ሳያት ፈንታሁን ታላቅ እህቴ ናት። መርማሪው የሞት ማስረጃ ስላልቀረበ «የጠፋችው» ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል ብለውኝ ነበር። «ሟች» ተብሎ እንዲጻፍልኝ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ዛሬ እዚህ የመጣሁትም እህቴ መሞቷን ለማስረዳት ነው፤ ምክንያቱም በወረቀት በሕይወት አለች።

አባታችን ካረፈ በኋላ እናቴ ወይዘሮ ፈትለወርቅ መቱ ገበያ በርበሬና ቅመም እየሸጠች ሁለታችንን አሳደገችን። ሳያት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ሥራ ስታጣ፣ ሰይፈ ሚካኤል የተባለው ሰው ወደ ጁባ እንደሚልካት ነገራት። ይህ ሰው መናኸሪያው አጠገብ የሞባይል መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። በሰፈሩ ጋሼ ሰይፉ ይባላል፤ እኔም እስካለፈው እሑድ ድረስ ጋሼ እያልኩ በአንቱታ ነበር የማናግረው። ሳያት በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. በጋምቤላ በኩል አድርጋ ጁባ ገባችና አንድ የአበሻ ሆቴል ውስጥ ሥራ ያዘች።

ስለ ቪዛዋ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ፣ የማውቀው እሷ በስልክ የነገረችኝን ነው። መጀመሪያ የተሰጣት ቪዛ አጭር ነበር። ሁለት ጊዜ እዚያው ጁባ ኢሚግሬሽን ተሰልፋ አስረዘመች። በሦስተኛው ከለከሏት፤ ከዚያ በኋላ ቪዛዋ ሊያልቅ ሲል በኒሙሌ በኩል ወደ ኡጋንዳ ትወጣና እዚያ አድራ አዲስ ቪዛ አስመትታ ትመለስ ነበር። ፓስፖርቷን የሚይዘው ጁባ ያለው የሰይፈ ሚካኤል ወኪል ነው። ይህን ስትነግረኝ «ፓስፖርቴና እኔ እንደ ሩቅ ዘመድ ነን። ድንበር ላይ እንገናኛለን፣ ማኅተም እናስመታለን፣ እንለያያለን» ብላ ሳቀች። እኔም የሳቅሁ መሆኔን አስታውሳለሁ።

ከሰኔ 2016 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ መደወል አቆመች። እናቴ ልካኝ ሱቁ ስሄድ ሰይፈ ሚካኤል ቪዛ በማስረዘም ላይ እንደሆነች፣ ኢሚግሬሽን ውስጥ ደግሞ ስልክ እንደሚቀበሉ ነገረኝ። እኔ ግን ተጠራጠርኩ። ከዚያ በፊት ሳያት እዚያው ሰልፍ ላይ ሆና ደውላልኝ ታውቃለች፤ ፖሊሱ የአበሻ ስም እየሰባበረ ሲጠራ እንድሰማ ስልኩን ወደ እሱ ታዞርልኝ ነበር። ይህንን ብነግረው «አንተ ደግሞ መርማሪ ሆንክ? ሂድ ትምህርትህን ተማር» አለኝ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሳቁ።

በሐምሌ መጨረሻ አንድ ቀን ገና ሳይነጋ ኦቦ ደቅሲሳ፣ የንስሐ አባታችንና የእድሩ ሰዎች ቤታችን መጡ። እናቴ በሩን እንደከፈተች ሁሉንም አንድ ላይ ስታያቸው ገባት። ሳያት በወባ ታማ ጁባ መሞቷንና እዚያው መቀበሯን ነገሩን። ወሬውን ያመጣው ዲንቃ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ጋምቤላ ላይ ከጁባ ከተመለሱ ልጆች ሰምቶ ለእድሩ ተናገረ። እናቴ ጥቁር ለበሰች። ድንኳን ተተከለ።

ሰይፈ ሚካኤል ለለቅሶ የመጣው ከቀትር በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁት ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ያውቅ እንደነበር አመነ። «ለመርዶ የሚመች ጊዜ ስጠብቅ ነው። ለእናት እንዴት ተብሎ ይነገራል?» አለ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀለት። በአገራችን መርዶ የደበቀ ሰው አይወቀስም፤ ይመሰገናል እንጂ። እኔም በዚያን ጊዜ ልወቅሰው አልደፈርኩም። ነገር ግን ሊወጣ ሲል ወደ ጓሮ ወስዶኝ የሳያት ፓስፖርት ኮፒ ቤት ውስጥ እንዳለ ጠየቀኝ። ለምን እንደሚፈልገው ስላልገባኝ የለም አልኩት። በእርግጥ ድንበር ላይ ሆና ፓስፖርቷን ፎቶ አንስታ የላከችልኝ ስልኬ ላይ ነበር። ስለ ልብሷና ስለ ፓስፖርቷ ስጠይቀው አብሯት ተቀበረ አለኝ።

የድንኳኑ ሰሞን ሲያልፍ ይህንኑ ለኦቦ ደቅሲሳ ነገርኳቸው። እሳቸውም «መርዶ የሚደበቀው ከእናት ነው፤ ከእድር አይደለም» አሉኝ። እሳቸው እንዳስረዱኝ፣ ለመርዶ ብሎ የሚደብቅ ሰው ለእድሩ ወይም ለንስሐ አባት ይናገርና ከእነሱ ጋር ይደብቃል። ብቻውን የደበቀ ሰው የደበቀው ለሌላ ነገር ነው።

በመስከረም ወር 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ በፓስፖርቱ ቁጥር ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አመለከተልን። የጠየቅነው መቃብሯ የት እንደሆነ እንድናውቅና የሞት ማስረጃ እንዲሰጠን ነው። ከብዙ ምልልስ በኋላ ጁባ ባለው ኤምባሲያችን በኩል ያገኘው መልስ ባለ ፓስፖርቷ በነሐሴ ወር በኒሙሌ ወጥታ፣ አዲስ ቪዛ አስመትታ ተመልሳ ገብታለች፤ ለሕያው ሰው የሞት ማስረጃ አይሰጥም የሚል ነው። ቀኑ በፈረንጅ ስለሆነ ተሳስተን ይሆናል ብለን ወደ እኛው አቆጣጠር ደጋግመን መለስነው። ከመርዶው በኋላ ነው።

እናቴ ይህን እንደሰማች እዚያው በቆመችበት ጥቁር ሻሿን ከራሷ አወለቀች። ጎረቤት እልል አለ። እኔ ደስ እንዲለኝ ሞክሬ ነበር። ነገር ግን ሳያት ድንበር በተሻገረች ቁጥር ከወዲያ ማዶ ሳትደውልልኝ ቀርታ አታውቅም።

እሑድ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቅዳሴ መልስ ሰይፈ ሚካኤል ቤታችን መጣ። እሱም የተሳሳተ ወሬ ሰምቶ እንደነበረ፣ እግዚአብሔር የታመነ እንደሆነ ተናገረና በራሱ ስልክ ደወለ። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። ስልኩን ለእናቴ ሰጣት፤ ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር እኔም ሰማሁ። የሴት ልጅ ድምፅ «እማዬ፣ ደህና ነኝ፣ አታስቢ» አለ። እናቴ መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ከዚያም ተነሥታ ጎረቤት ልትጠራ ወጣች። ስልኩ እኔ እጅ ቀረ።

ድምፁ የእህቴ አለመሆኑን በምን እንደለየሁ ተጠይቄ፣ በድምፁ አይደለም። በቤታችን እናታችንን እማዬ ብለን ጠርተናት አናውቅም። እናቴ ለታናናሾቿ ታላቅ ስለሆነች እነሱ እቴቴ ይሏታል፤ ሳያትም እኔም ከእነሱ ሰምተን እቴቴ እንላታለን። እማዬ የምንለው አያታችንን ነበር። አያታችን ደግሞ ሳያት ወደ ጁባ ከመሄዷ በፊት አርፋለች፤ ሳያት በቀብሯ ቀን ድምፅዋ እስኪዘጋ አልቅሳለች።

ስለዚህ እርግጠኛ ለመሆን ልጅቷን «እማዬን ላቅርብልሽ?» አልኳት።

«አዎ፣ አቅርባት» አለችኝ።

በዚህ ጊዜ ሰይፈ ሚካኤል እናቴን ተከትሎ ደጃፍ ላይ ቆሞ የጎረቤቱን ደስታ ይቀበል ነበር። እኔ የስልኩን ድምፅ ቀንሼ፣ የራሴንም ዝቅ አድርጌ እህቴ አለመሆኗን እንዳወቅሁ፣ ማን እንደሆነች እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። አነጋገሯ የአካባቢያችን ስለመሰለኝ በአፋን ኦሮሞ ደገምኩላት። እሷም በአፋን ኦሮሞ «ኢሼን ዱቴቲ» አለችኝ። ሞታለች ማለት ነው። ከዚያ በፍጥነት ተናገረች። ስሟ ገለኔ እንደሆነ፣ እዚሁ ዞናችን ያለችው የቡሬ ልጅ እንደሆነች፣ ከሳያት ጋር አንድ ክፍል ይኖሩ እንደነበርና ያስታመመቻት እሷ እንደሆነች ነገረችኝ። ወኪሉ ያለ ፓስፖርት አስገብቷት ስለነበር ሳያት ስትሞት ፎቶዋን ትመስያለሽ ብሎ የሳያትን ፓስፖርት ሰጥቶ ድንበር አሻገራት፤ ሲመለሱ መልሶ ወሰደባት። እዚያ ሁሉም ሰው ሳያት ብሎ ይጠራታል። ቪዛው በኅዳር ስለሚያልቅ እንደገና ወደ ኒሙሌ ሊወስዷት ነው። የሳያትን መቃብር ታውቂዋለሽ ወይ ብዬ ስጠይቃት አውቀዋለሁ አለችኝ። በመጨረሻም «እኔም እዚህ ብሞት በእህትህ ስም ነው የሚቀብሩኝ። አባቴ ማንን ብሎ ይጠይቃል?» አለች።

ሰይፈ ሚካኤል ተመልሶ ስልኩን ከእጄ ወሰደ። ከልጅቷ ጋር ምን እንደተነጋገርን ጠየቀኝ። ስለ ትምህርቴ ጠየቀችኝ አልኩት። ለጥቂት ጊዜ ፊቴን አየና «ጎበዝ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የሰማሁትን ማወቁን ወይም አለማወቁን ማረጋገጥ አልችልም። ማግስቱን ሱቁ ዝግ ነበር። እኔም የሰማሁትን እሑድ ማታውኑ ለኦቦ ደቅሲሳ ብቻ ነገርኩ፤ ዛሬም ይዘውኝ የመጡት እሳቸው ናቸው።

ፖሊስ እንዲያደርግልኝ የምጠይቀው ካለ ተጠይቄ፣ በእህቴ ስም የምትንቀሳቀሰው ገለኔ እንደገና ወደ ድንበሩ ከመወሰዷ በፊት ለሚመለከታቸው እንዲነገርና ቡሬ ያለው ቤተሰቧ እንዲፈለግ እጠይቃለሁ። መቃብሩን የምታውቀው እሷ ብቻ ስለሆነች በራሷ ስም ወደ አገሯ ትመለስልኝ። ልጅቷ እንድትከሰስ አልፈልግም። ፓስፖርቱ ሲያዝ እህቴ በወረቀትም ትሞታለች፤ እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነው።

እናቴ ለምን እንዳልመጣች ተጠይቄ፣ ይህ ሁሉ እስካሁን አልተነገራትም። እሑድ ማታ ብቻችንን ስንሆን «እማዬ አለችኝ፤ ሰምተሃል?» ብላኝ ነበር። ሰምቻለሁ አልኳት። «ሰው አገር ሲቆዩ አፍ ይለወጣል» አለችና ሌላ አልጨመረችም። ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ገበያ ወጥታለች። ጥቁር ልብሷን ግን ለማንም አልሰጠችውም፤ አጥባ አጣጥፋ ሳጥኑ ውስጥ ከላይ አስቀምጣዋለች።

ስለዚህ እናቴ በመጥሪያም ሆነ በስልክ እንዳትጠራ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ኦቦ ደቅሲሳና የንስሐ አባታችን ሊነጋ ሲል ሄደው እስኪነግሯት ድረስ ይቆይልኝ። ሰይፈ ሚካኤል ለመርዶ ብዬ ደበቅሁ ያለውን አሁን እኔ እያደረግሁት እንደሆነ አውቃለሁ። ልዩነቱ እኔ ለእድሩ ተናግሬያለሁ፤ ይኸው ለፖሊስም ተናገርኩ።

ከላይ የሰፈረው ቃል ማንም ሳያስገድደኝ ያየሁትንና የሰማሁትን የተናገርኩት ነው። ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ የሚጨመር ወይም የሚነሣ የለውም። «ሟች» የሚለው ቃልም በተጻፈበት ቦታ ሁሉ ልክ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ መክብብ ፈንታሁን
አብረው የተገኙት ፊርማ፦ ደቅሲሳ ጎንፋ
ቃሉን የተቀበሉት ፊርማ፦ ም/ሳጅን ሁንዴሳ ኢቲቻ

ማሳሰቢያ፦ ለእናትየው መጥሪያ እንዳይወጣ። ሽማግሌዎቹ ነገ ሊነጋ ሲል ይሄዳሉ።