የሽማግሌው ራድኮ ክፍት በር

በካዛንላክ ሸለቆ ማለዳ የተለቀመ ጽጌረዳ ከቀትር በፊት ሽቶ ዘይቱ ወደሚወጣበት ማንጠሪያ ካልገባ መዓዛው ይጠፋል። ስለዚህ የማንጠሪያውን እሳት የሚቆጣጠረው ሰርቨር መንቀራፈፍ ሲጀምር የማንጠሪያው ባለቤት ሽማግሌው ራድኮ ማያው ላይ አፈጠጡ። አበባ የጫኑ ትራክተሮች ደጁን ሞልተውታል። በዚህ መካከል የኮምፒዩተር ባለሙያዋ ኔቬና የእናቷን አበባ ልታስረክብ ብቅ አለች።

«ምነው አጎቴ፣ ፊትዎ ጠቆረ?»

«ሰርቨሩ እንደ አሮጌ በሬ ተጎተተብኝ። እስቲ እይልኝ ልጄ።»

ኔቬና የሰርቨሩን የመግቢያ መዝገብ ከፍታ ደነገጠች። «ከውጭ የሚገባበትን በር፣ ፖርቱን፣ ከፍተውታል?»

«ቫርና ከተማ ያለው ልጄ እሳቱን ከዚያው ሆኖ እንዲያይልኝ ነዋ! ሞኝ መሰልኩሽ? የበሩን ቁጥር ቀይሬዋለሁ፤ ማንም አያገኘውም።»

«ሰርቨር ከስልሳ አምስት ሺህ በላይ በር አለው። ሌባው ግን በእግሩ አይዞርም፤ መሣሪያ ልኮ ሁሉንም በአጭር ጊዜ ያንኳኳል።»

«የኔን ጽጌረዳ ማን ይፈልጋል? አባቴ በሩን ሳይቆልፍ ኖሮ ሳይቆልፍ ሞተ!»

«የአባትዎን በር የሚያውቀው ጎረቤት ነበር፤ የእርስዎን ዓለም ያየዋል። ጽጌረዳውን አይፈልጉም። ሰርቨሩን ቆልፈው ገንዘብ ካልከፈሉ አንከፍትም ማለት ነው የሚፈልጉት።»

ሽማግሌው ሊስቁ ከንፈራቸውን አላቀቁ፤ ሳቁ ግን አልመጣም። በማያው ላይ አዲስ መስመር በላይ በላዩ ይወርዳል።

«ይኸው ሰርቨሩን የሚያደክመው፤ ሌቦቹ የመግቢያ ስም እየገመቱ ነው። ‹አስተዳዳሪ› ብለው ሞከሩ፤ አልሆነም። ‹ፋብሪካ› አሉ። አሁን ‹ራድኮ› እያሉ ነው።»

«ስሜን ማን ነገራቸው?»

«የሚሸጡት ዘይት ጠርሙስ ላይ ታትሟል እኮ። የይለፍ ቃልዎስ ምንድን ነው?»

አንገታቸውን ደፉ። «የተወለድኩበት ዓመት።»

ከደጅ አንድ ገበሬ ጮኸ፦ «ኧረ አበባው ጋለ! ተኝታችኋል?»

«ዝጊው!» አሉ ራድኮ።

«ከዘጋሁት ልጅዎ ዛሬ ማየት አይችልም።»

«ስልክ ይደውላ! ዝጊው አልኩሽ!»

ዘጋችው። የሚወርደው መስመር ቀጥ አለ። ሰርቨሩም ትንፋሽ አገኘ፤ እንፋሎቱ ተነሣ፤ የመጨረሻው ጆንያ ከቀትር በፊት ገባ።

ከዚያ ኔቬና የማያስፈልጉትን ፖርቶች ሁሉ ዘጋች፤ የይለፍ ቃሉን ለወጠች፤ ለልጃቸውም በሚስጥር ቁልፍ ብቻ የሚከፈት አንድ መንገድ አበጀች። ከዚያ ወዲህ እሳቱ ያለ ሥጋት ይነድዳል፤ ገበሬውም ደጅ አይጠናም።

በሩ በተዘጋ ማግስት ልጃቸው ደወለ። «አባዬ፣ ሰርቨሩ ቁልፍ አምጣ እያለኝ ነው። እኔ ሌባ ነኝ?»

«አይደለህም ልጄ፤ ግን አንተን ማነህ ሳልል ካስገባሁ፣ ሌባውንም ማነህ ለማለት አፍ የለኝም።»