ማን ገብቶ እንዳነበበ

ከሆሳዕና ወደ ፎንቆ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ወጣት መምህር አሮጌ ኮምፒውተር ታቅፎ ነበር። አጠገቡ የተቀመጡት ሰውዬ ጠየቁት።

«ይሄ ይሠራል?»

«ይሠራል ጋሼ። ፎንቆ ቤቴ ውስጥ ሰርቨር ላደርገው ነው።»

«ሰርቨር ምንድነው?»

«ሁልጊዜ ክፍት የሚሆን ኮምፒውተር ነው። የምጽፈውን ተማሪዎቼ በኢንተርኔት ገብተው ያነቡታል።»

«ማን ፈቀደልህ?»

«የሂሳብ ትምህርት እኮ ነው።»

«ይሁን። ማን ገብቶ እንዳነበበ ያሳይሃል?»

«ከየት እንደገቡ ይመዘግባል።»

«እሱን ለሌላ ሰው ማሳየት ይቻላል?»

ወጣቱ ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው።

«እርስዎ የት ነው የሚሠሩት?»

«እንዲያው ነው የጠየቅኩህ።»

«ወራጅ አለ» አለ ወጣቱ። ኮምፒውተሩን እንደታቀፈ ወረደ፤ ፎንቆ ግን ገና ሩቅ ነበር።

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረው «ታውቂዋለሽ?» ሲሉኝ፣ እንዳልሰማሁ ሆኜ ነጠላዬን አስተካከልኩ።