የፍስክ እርግዝና

በእኛ ጊዜ ልጄ፣ ሙሽራ የሰጧትን ትጠጣለች እንጂ "ይኼ አይስማማኝም" አትልም፤ ብትልስ ማን ይሰማታል? እኔ ከጭልጋ ወደ ሽንፋ ስዳር በአባቴ ቤት ላም የሚባል አልነበረም፤ ሽሮና ጎመን በልቼ ነው ያደግሁት። አያትሽ ቤት ግን ላም በላም ነው። ታዲያ ከተጋባን ዓመት ሳይሞላን፣ በመስቀል ማግስት፣ አያትሽ ጠመንጃውን ይዞ ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ገባ። ጣሊያን መተማ ላይ ነበራ! እና እኔና አማቴ ብቻችንን ቀረን።

አማቴ ደግ ሴት ነበሩ፤ ጉድ የሠራኝም ደግነታቸው ነው። በዐቢይ ጾም ሁለት ላሞች ወለዱና ፋሲካ ሲደርስ ወተቱ ቤቱን ሞላው። እንደ ወትሮው ሁሉንም ንጠው ቅቤውን እንዳይሸጡ የገበያውን መንገድ ወታደር ይዞታል። ታዲያ በየጠዋቱ ዋንጫውን ሞልተው ይመጣሉ።

"ጠጪ! ልጄ ሲመጣ ከስተሽ ቢያገኝሽ ምን ይለኛል?"

"እሜቴ፣ በቃኝ።"

"ጠጪ ብያለሁ!"

እጠጣለሁ። ከዚያ ሆዴ ይጮሃል፣ ይነፋል፣ ያስመልሰኛል፣ ወደ ዱር መሮጥ ነው።

ግንቦት ላይ ጎረቤታችን፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ነበረች፣ ሆዴ ተነፍቶ ውሃ ልቀዳ ስወርድ አየችኝና ለአማቴ ሄዳ "ምራትዎ እርጉዝ ናት፤ እንኳን ደስ ያለዎ!" አለቻቸው። አማቴ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ፤ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ እያሉ ስምንት ደረሱ። ልጃቸው ከወጣ ስምንት ወር፣ የእኔ ሆድ ደግሞ ገና ብቅ ያለ። ገባሽ አይደል?

"የማን ነው?" አሉኝ።

"ምኑ?"

"ሆድሽ!"

ብምል ብገዘት ማን ይመነኝ። "ክረምቱ ይውጣና፣ ወንዙ ይጉደልና ወደ አባትሽ ትሄጃለሽ፤ ልጄ ከሰማ ይገድልሻል" አሉ። ያደርገውም ነበር፤ አንቺ አያትሽን ያወቅሽው ሽማግሌ ሆኖ ነው። ወተቱን ግን አላቋረጡም፤ የሰኔን ጾም እንደሁ በእኛ አገር ቄስ እንጂ ሌላው አይጾመውም፤ እንዲያውም "ፅንሱ ምን አጠፋ?" ብለው ጨመሩልኝ!

ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታ ሆነና ወተቱ ቆመ። በአራተኛው ቀን ሆዴ ሟሸሸ። እኔ ተገላገልሁ ብዬ ደስ ሲለኝ አማቴ አይተው ጮሁ፤ "አስወረድሽው! በጾም!"

ያን ጊዜ ነው ተናድጄ ማሰብ የጀመርሁት። ለካ ሮብና ዓርብም ቀለል ይለኝ ነበር። ለካ ላም በሌለበት በአባቴ ቤት አንድ ቀን እንዲህ ሆኜ አላውቅም። በጾም ደህና፣ በፍስክ በሽተኛ። እና እንዲህ አልኋቸው፤ "እሜቴ፣ ጾሙ እስኪፈታ ከዓይንዎ አልርቅም። የፍቺው ዕለት ያቺን ጎረቤት ይጥሯትና በእጅዎ ወተት ይስጡኝ። ሆዴ ካልተነፋ የዚያኑ ቀን እሄዳለሁ።"

የፍቺው ዕለት ሁለት ዋንጫ ጠጣሁ። መደብ ላይ አስቀመጡኝና ሁለቱ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሆዴ ጉርርር አለ። ከዚያ ተነፋ፣ ተነፋ። አማቴ መታ መታ አደረጉት።

"አንቺ! ይኼ እኮ ጠዋት አልነበረም!"

ጎረቤቷ ደግሞ "መቼም በግማሽ ቀን የሚያረግዝ የለም" አለች። እሷው ናት እኮ የጀመረችው! እኔ "እሜቴ፣ ይልቀቁኝ" ብዬ ወደ ማሽላው ሮጥሁ።

ይቅርታ አላሉኝም። ያኔ አማት ምራቷን ይቅርታ አትልም። ብቻ ከዚያ ወዲያ አሬራ ጥቂት ጥቂት ይሰጡኛል፤ እሱ ብዙም አይጎዳኝም። ጥሬ ወተት ሰው ቢያቀርብልኝ ግን "ለእሷ አይሆንም!" ብለው ከእጄ ይነጥቃሉ። እኔ ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ያ "የማን ነው?" ያሉኝ ውስጤ ቀርቶ ነበር።

ጣሊያን ወጣ፣ አያትሽ ተመለሰ። ጥቂት ወር ቆይቶ ያስመልሰኝ ጀመር፣ ሆዴም ገፋ። አማቴ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ዱላቸውን አንስተው "ማነው ወተት ያጠጣት?" ብለው ቤቱን አመሱት! አያትሽ አርበኛው "እማዬ ሙች፣ እኔ አልሰጠኋትም!" እያለ ይምላል። ጎረቤቷ እንኳን ደስ ያለዎ ልትል ብትመጣ "ሂጂ ወዲያ፤ ጾም ይግባ፣ እናያለን" ብለው መለሷት።

ጾሙ ገባ፣ ወጣ፣ ሆዴ አልጎደለም። ያዋለዱኝም እሳቸው ናቸው። አባትሽን ከምድር አነሱት፣ አገላብጠው አዩት፣ ሲጮህ ሰሙት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ "ይኼስ ወተት አይደለም" አሉኝ። እኔም ከይቅርታ ቆጠርሁላቸው።